ሥራ አስገብቶ መጠበቅ

በጁባ ከተማ ኒምራ ታላታ የሚባል ሰፈር አለ፤ ትርጓሜውም በጁባ ዐረብኛ «ቁጥር ሦስት» ማለት ነው። በዚህ ሰፈር ምግብ ቤት ከፍተው በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስት ቤት በእንግድነት ሰንብተን ነበርና፤ የዛሬውን ዓምዳችንን ጉዳይ ያገኘነው ከዚያ ነው። የእንጀራውንና የወጡን ነገር ትተን ስለ ኮምፒውተር በመጻፋችን የቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን ይቅር እንዲሉን እንለምናለን፤ ይሁን እንጂ ነገሩ የጀመረው ከጓዳ ነው።

የቤቱ የበኵር ልጅ በባሕር ማዶ በሚገኝ አንድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የውኃን ነገር ያጠናል። የሚመራመረውም ከኡጋንዳ ተነሥቶ በኒሙሌ በኩል ወደ ጁባ የሚወርደው ወንዝ፤ በላይኛው አገር ዝናብ በበዛ ጊዜ ከስንት ቀን በኋላ የታችኛውን አገር እንደሚያጥለቀልቅ ነው። ከ2019 ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) በተከታታይ ክረምቶች ደቡብ ሱዳንን የመታውን ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው፤ ጥናቱ ለማዕረግ ብቻ የሚደረግ አለመሆኑን ይረዳዋል። በ2021 የቤንቲዩ ከተማ በውኃ ተከብባ፤ ሕዝቡ ዙሪያውን በአፈር ግድብ አጥሮ መኖር ግድ ሆኖበት ነበር።

ልጁ ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ ቤት መጥቶ ሳለ ሥራውን አላቋረጠም። ስሌቱ በጕልበቱ ላይ በሚያስቀምጣት ትንሽ ኮምፒውተር የሚሠራ ስላልሆነ፤ የትምህርት ቤቱን ታላላቅ ኮምፒውተሮች ከሩቅ በኢንተርኔት እያዘዘ ያሠራል። ማታ ማታ ከምግብ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ትእዛዙን ይሰጣል፤ ስሌቱም ይጀመራል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ግን እናቲቱ ጄኔሬተሩን ያጠፉታል። በጁባ ከተማ በኅዳር 2019 የመጀመሪያው 33 ሜጋዋት የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ቢጀምርም፤ ጄኔሬተር የሚያስነሣ ቤት ዛሬም ጥቂት አይደለም፤ ነዳጁም ውድ ነው። እንግዲህ መብራቱ ሲጠፋ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል፤ ሲነጋ ልጁ ተመልሶ ቢመለከት ስሌቱ ከመንገድ ቀርቶ ያገኘዋል። ይህ ሦስት ሌሊት ተደጋገመ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ልጁ ተናዶ፤ «እማዬ፤ ሥራዬን እኮ ገደልሽብኝ!» አለ።

እናቲቱም የቡናውን ረከቦት እያሰናዱ፤ «እኔ መብራት አጠፋሁ እንጂ ምን ገደልሁ? ሥራህ ያለው ፈረንጅ አገር ነው ስትለኝ አልነበረምን? የእኔ ጄኔሬተር ሲጠፋ የፈረንጅ አገር መብራት ይጠፋልን?» ሲሉ መለሱለት።

ልጁ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን፤ ጥያቄያቸው የሚገባ ጥያቄ ነበረና። ሥራው ሩቅ አገር ከሆነ፤ ኒምራ ታላታ ላይ መብራት በመጥፋቱ ስለ ምን ይሞታል? መልሱ ስንፍናም፤ መጥፎ ዕድልም አልነበረም፤ ልጁ ሥራውን ወረፋ ውስጥ ሳያስገባ ከበራፍ ላይ ያሠራ ስለ ነበር ነው። ይህን ለመረዳት ክላስተር የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል።

ክላስተር ማለት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ማለት ሳይሆን፤ በፈጣን መስመር ተያይዘው እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ማለት ነው። በአገራችን ቋንቋ ብንሰይመው «የኮምፒውተር ደቦ» ብንለው ደስ ይለናል። በ1994 ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር የተባሉ ሁለት ሰዎች በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት በናሳ፤ እንደ ማንኛውም የገበያ ዕቃ ከሚሸጡት ኮምፒውተሮች 16ቱን አያይዘው ቤዎውልፍ የሚባለውን ክላስተር ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ይህ አሠራር በዓለም ተስፋፋ። ዛሬ በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ከተማ፤ በ2016 ሥራ የጀመረ ሌንጋው የሚባል ክላስተር አለ፤ ስሙም በጽዋና ቋንቋ አቦ ሸማኔ ማለት ሲሆን፤ በአንዲት ሰከንድ አንድ ሺህ ትሪሊዮን ያህል ስሌት የመሥራት ዐቅም እንዲኖረው ተደርጎ የተተከለ ነበር።

የዝናብና የጎርፍ ስሌት ደቦ የሚያስፈልገው ስለ ምን እንደ ሆነ ደግሞ እንናገር። ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የተባለው እንግሊዛዊ በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ፤ ሰማዩን እንደ ገበጣ ጉድጓድ በብዙ ክፍል ከፍሎ፤ በእያንዳንዱ ክፍል ያለውን የነፋስ፤ የሙቀትና የእርጥበት መጠን 64,000 ሰዎች በአንድ ታላቅ አዳራሽ ተቀምጠው ሲያሰሉ በሐሳቡ አይቶ ነበር። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ክፍል ያሰላል፤ ነገር ግን የጎረቤቱን ውጤት ሳይቀበል ወደሚቀጥለው መሄድ አይችልም። የዛሬዎቹ ኮምፒውተሮችም እንደዚሁ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሥተው፤ እየተቀባበሉ ካልሠሩ በቀር ነገሩ አይሆንም። ዐሥር ሰው የጠራ ባለ ደቦ ዛሬ ሦስት፤ ነገ አራት ሰው ቢመጣለት አጨዳው እንደማይሆንለት ሁሉ፤ ዐሥር ኮምፒውተር የጠየቀ ስሌትም ዐሥሩ በአንድነት እስኪያርፉ ድረስ መጠበቅ አለበት።

ክላስተሩ ደግሞ የአንድ ሰው አይደለም፤ መቶና ሁለት መቶ ሰው ይጋራዋል። ስለዚህ ተራ የሚያከፋፍል ዳኛ ያስፈልጋል። በመስኖ ውኃ የሚያርሱ ገበሬዎቻችን የውኃ አባት የሚሉትን ሰው ይሾማሉ፤ በትግራይም አቦ ማይ ይሉታል። ማን በየትኛው ሰዓት ለስንት ጊዜ ውኃውን ወደ ማሳው እንደሚመልስ የሚወስን እሱ ነው። በክላስተር ላይ ይህን ሹመት የያዘው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው። በብዙ አገር የታወቀው ስለርም የሚባለው ሲሆን፤ እሱም በካሊፎርኒያ ውስጥ በሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ተጀምሮ ከ2002 ጀምሮ ለሌሎችም የተዳረሰ ነው። በናሳ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ፒ ቢ ኤስም እስከ ዛሬ ያገለግላል። የትእዛዞቻቸው ስም ቢለያይም ሥርዓታቸው አንድ ዐይነት ነው።

ከሩቅ የሚመጣ ሰው ክላስተሩን የሚያገኘው በአንድ መግቢያ ኮምፒውተር በኩል ነው። ይህ መግቢያ እንደ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ያለ ነው፤ ማመልከቻ የሚጻፍበትና የሚሰጥበት እንጂ ሥራው የሚሠራበት አይደለም። የወዳጃችን ልጅ ግን ስሌቱን እዚያው መግቢያው ላይ ያስነሣው ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ በሰውዬውና በመግቢያው መካከል ባለው መስመር ላይ የተንጠለጠለ ስለ ሆነ፤ መስመሩ ሲበጠስ አብሮ ይወድቃል። ከዚህም በላይ በመግቢያው የሚያልፈው ሰው ሁሉ ስለሚንቀራፈፍበት፤ የክላስተሩ ጠባቂዎች ለልጁ የተግሣጽ ደብዳቤ ጽፈውለት ኖሯል። ይህን ለእናቱ አልነገራቸውም ነበር፤ እኛም አልነገርንባቸውም።

የሚገባው አሠራር ግን እንዲህ ነው። ሰውዬው አንድ አጭር ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ማመልከቻ ብንለው አንሳሳትም። በራስጌው ላይ የሥራውን ስም፤ ስንት ኮምፒውተር እንደሚፈልግ፤ የስንት ሰዓት ጊዜ እንዲፈቀድለት እንደሚለምን፤ የቱን ያህል የማስታወሻ ቦታ እንደሚያስፈልገው ይጽፋል፤ ከግርጌው ስሌቱን የሚያስነሣውን ትእዛዝ ያሰፍራል። በስለርም ዘንድ ይህን ማመልከቻ «ኤስ-ባች» በሚባለው ትእዛዝ ያስገባዋል፤ ወዲያውም ልክ ከመዝገብ ቤት እንደሚሰጠው ያለ ቍጥር ይሰጠዋል። ቍጥሩን ከተቀበለ በኋላ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ቢተኛ፤ ጄኔሬተሩም ቢጠፋ፤ አውሮፕላን ተሳፍሮ ቢሄድም፤ ሥራው የክላስተሩ አደራ እንጂ የእሱ መብራት ጥገኛ አይደለም። እናቲቱ ያሉት እውነት የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

አሁን በማመልከቻው ላይ ስለሚጻፈው ሰዓት ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን፤ የሰው ጠባይ የሚታየው በዚህ ላይ ነውና። ልጁ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ሲያስገባ ዐሥር ኮምፒውተር ለ48 ሰዓት ጠየቀ። ስሌቱ የሚፈጀው አምስት ሰዓት ያህል መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን «ለማንኛውም ይብዛ» አለ። በጀት የሚጽፉ ሹማምንት አንባቢዎቻችን ይህን ቃል ሳይሰሙ አይቀሩም። የውኃው አባት ግን እንዲህ ያለውን አይወድም። በወረፋው ራስ ላይ ሃያ ኮምፒውተር የሚጠብቅ ትልቅ ሥራ ቢኖርና፤ ዐሥሩ ከወዲሁ አርፈው የቀሩት ዐሥሩ ጎሕ ሲቀድ የሚለቀቁ ቢሆን፤ ዐሥሩ ባዶ ኮምፒውተሮች ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ፈት ይሆናሉ። ዳኛው በዚህ ክፍተት ከኋላ ያለ ትንሽ ሥራ አስገብቶ፤ ትልቁ ሳይዘገይበት ያስጨርሰዋል። ይህን የሚያደርገው ግን ትንሹ ሥራ ከጎሕ በፊት እንደሚያበቃ በማመልከቻው ላይ የተጻፈ እንደ ሆነ ነው። 48 ሰዓት ብሎ ለጻፈ ሰው እንዲህ ያለ ቀዳዳ አይገኝለትም። ልጁ ሁለት ቀን ከጠበቀ በኋላ ማመልከቻውን «ኤስ-ካንስል» በሚለው ትእዛዝ ሰርዞ፤ ሰባት ሰዓት ብሎ ጽፎ እንደ ገና አስገባ፤ በዚያው ሌሊት ተጀመረለት።

ታዲያ እጅግ አሳንሶ መጻፍም አይበጅም። የተፈቀደው ሰዓት ሲያልቅ ዳኛው ሥራውን ይቆርጠዋል፤ «ጥቂት ነው የቀረኝ» ማለት በእሱ ዘንድ አይሰማም። የማስታወሻ ቦታውም እንደዚሁ ነው፤ ከጠየቀው በላይ የተጠቀመ ሥራ ይገደላል። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ በመጀመሪያ ስሌቱን በትንሹ ሞክረው የሚፈጀውን ይለኩታል፤ በላዩም መጠነኛ ትርፍ ይጨምሩበታል። የአየር ጠባይ ማስሊያ ፕሮግራሞች ደግሞ በየመካከሉ የደረሱበትን ጽፈው የማስቀመጥ ዐቅም አላቸው፤ ቢቆረጡም ካቆሙበት ይነሣሉ። ሌላም አለ፤ በብዙ ክላስተር ዳኛው ሰሞኑን ብዙ ያጠጣውን ሰው ወደ ኋላ፤ ውኃ ሳያገኝ የሰነበተውን ወደ ፊት ያደርጋል። ያለ ፍላጎት ብዙ ኮምፒውተር ይዞ ማደር እንግዲህ ለነገ ተራ ዕዳ መግባት ነው።

አማርኛን በመማር ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ አንድ ቃል ማንሣት እንፈልጋለን። «ይጠብቃል» የሚለው ቃል «ብ» ጠብቆ ሲነበብ ሁለት ነገር ይገልጻል፤ አንደኛው ተራውን ይጠባበቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ይከታተላል፤ በዐይኑ ይዘበኛል ማለት ነው። ላልቶ ሲነበብ ግን ይጠነክራል፤ ይከርራል ማለት ይሆናል። ሥራውን ወረፋ ላይ ያስገባ ሰው በሁለቱም በፊተኞቹ ትርጕሞች መጠበቅ አለበት፤ ተራውን መጠባበቅ፤ ሥራውንም መከታተል።

የሚከታተለውም «ኤስ-ኪው» በሚባለው ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ የወረፋውን ዝርዝር ያወጣል፤ ከቍጥሩ አጠገብም ሥራው ተራ ይጠብቅ እንደ ሆነ፤ ወይም በመሠራት ላይ እንደ ሆነ ያመለክታል። ተራ የሚጠብቅ ከሆነ ምክንያቱን ጨምሮ ይነግራል። «ፕራዮሪቲ» ካለ ሌሎች ይቀድሙሃል ማለት ነው፤ «ሪሶርስስ» ካለ ግን ተራህ ደርሷል፤ የሚበቃህ ኮምፒውተር እስኪለቀቅ ብቻ ነው ማለት ነው። በየሰከንዱ ይህን ትእዛዝ መደጋገም ግን ነውር ነው፤ መዝገብ ቤቱን በጥያቄ አስጨንቆ ለሌላው ሰው ያንቀራፍፈዋልና። ሥራው ሲያልቅ ወይም ሲበላሽ ደብዳቤ እንዲላክለት አስቀድሞ በማመልከቻው ላይ መጻፍ ይችላል።

ሥራው የሚጀመርበትን ሰዓት በግምት የሚናገርም ትእዛዝ አለ። በዚህም የተነሣ በቤቱ ውስጥ አንድ ሌላ ግራ መጋባት ሆነ። ልጁ «02:00 ላይ ይጀመራል» ብሎ በወረቀት ጽፎ ቢተወው፤ እናቲቱ በአገራችን አቆጣጠር ጧት 2 ሰዓት መስሏቸው ቁርሱን አቅርበው ቀሰቀሱት። የፈረንጁ 02:00 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ያውም በክላስተሩ አገር ሰዓት እንጂ በጁባ አይደለም። ደቡብ ሱዳን በየካቲት 1 ቀን 2021 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለ መለሰች፤ ጁባ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ በአንድ ሰዓት ትዘገያለች። ሥራውን ከጁባ የሚጠብቅ ሰው ሦስት ሰዓት በልቡ መያዝ ግድ ይሆንበታል።

ሥራው ሲያበቃም ነገሩ አላለቀም። «ኤስ-አክት» የሚባለው ትእዛዝ ያለፉትን ሥራዎች መዝገብ ያወጣል፤ በዚያም ተፈጽሟል፤ ወድቋል፤ ተሰርዟል፤ ወይም ሰዓት አልቆበታል የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል። ተፈጽሟል ማለት ግን ፕሮግራሙ ያለ ስሕተት ዘጋ ማለት ነው እንጂ ውጤቱ ልክ ነው ማለት አይደለም። ወንዙ ወደ ዳገት የሚወጣበት ስሌትም ተፈጽሟል ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ስሌቱ እየሠራ የጻፈውን ማስታወሻ ከፍቶ ማንበብ የሰው ፈንታ ነው።

ይህን ሁሉ ለሹማምንት አንባቢዎች መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከናይሮቢ አጠገብ የሚገኘው ኢክፓክ የተባለው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል ኢትዮጵያንና ደቡብ ሱዳንን ጨምሮ ለ11 አገሮች ትንበያ ያወጣል፤ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ለአገሩ እንደዚሁ ያደርጋል። ዛሬ የአየር ትንበያ በኮምፒውተር ስሌት ላይ የቆመ ስለ ሆነ፤ ባለ ሥልጣኑ በጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው የዝናብ ካርታ ከመድረሱ በፊት ኮምፒውተሮች ብዙ ሰዓት የደከሙበት ነው። እንግዲህ የበታቹ ሠራተኛ «ሥራው ወረፋ ላይ ነው» ሲለው፤ ሰነፍ ነው ብሎ ከመቆጣት ይልቅ «ምክንያቱ ምን ይላል? የስንት ሰዓት ጠየቅህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻለዋል። ሠራተኛውም በበኩሉ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ብሎ መጻፉን ቢተው በወደድን ነበር። ይህ አነጋገር ተራ የሚጠብቀውን፤ የሚሠራውንና ከወደቀ የሰነበተውን ሥራ በአንድ ጋቢ ይሸፍናቸዋል። እኛ እስከምናውቀው ድረስ በስለርም መዝገብ ውስጥ «በሂደት ላይ» የሚል ቃል የለም።

ከኒምራ ታላታ በተነሣንበት ዋዜማ ምሽት፤ እናቲቱ እንደ ልማዳቸው በ4 ሰዓት ወደ ጄኔሬተሩ ሊሄዱ ተነሡ፤ ነገር ግን በልጃቸው ወንበር አጠገብ ቆም አሉ።

«አስገብተኸዋል?»

«አስገብቼዋለሁ፤ እማዬ። ቍጥሩንም ሰጥተውኛል።»

«ጀምሯል?»

«ገና ተራ ይጠብቃል።»

«እንግዲያው አንተ ተኛ፤ እሱ ይጠብቅ» አሉና መብራቱን አጠፉት። በማግስቱ ጄኔሬተሩ እንደ ተነሣ ልጁ መዝገቡን ከፈተ፤ ስሌቱ ሌሊት ተጀምሮ በአምስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ተፈጽሞ ነበር። ቡናው ሦስተኛው ላይ እስኪደርስ ድረስም የሌሊቱን ማስታወሻ ከላይ እስከ ታች ሲያነብ ቆየ፤ ወንዙም ወደ ቍልቍለቱ ይወርድ ነበር።